ለሁሉም ቤት አንድ ቃል

ወንድሜን ሰፈሩ የሚያውቀው «ጣሪያው» በሚለው ስም ነው። ስሙን ያወጣችለት እህታችን እትዬ ናት። ምሳ ቀርቦ የት አለ ሲባል ጣሪያ ላይ፣ እንግዳ መጥቶ ሲፈለግ ጣሪያ ላይ፤ «እንግዲህ ይኼ ልጅ መሬት የሚወርደው ለመቀበር ብቻ ነው» ብላ ሳቀችበት። ስሙም በዚያው ጸና።

ሥራው ከፀሐይ መብራት ማውጣት ነው። ሰሌዳዎቹን ጣሪያ ላይ ይተክላል፤ ታች ግድግዳው ላይ ኢንቨርተር የሚባለውን ሳጥን ያስራል። ሳጥኑ የፀሐዩን ኃይል ለቤቱ ያስማማል፣ የተረፈውን ወደ ዋናው የመብራት መስመር ይልካል፣ መስመሩ ሲጠፋ ደግሞ ቤቱን ወደ ባትሪ ያዞራል። ወንድሜ አንድን ብሎን ሁለቴ ሳያጠብቅ ከመሰላል አይወርድም። ሽቦ ተንጠልጥሎ ካየ የማያውቀው ሰው ቤት ቢሆንም ያመዋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ ስፌቴ እንኳ የሚነዘንዘኝ እሱ ነው። ይህን ሁሉ የማወራው ዛሬ ዛሬ «ግድየለሽ ነው» የሚሉት ሰዎች ስላሉ ነው። ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

እትዬ የሁለታችንም ታላቅ ናት። እናታችን ስትሞት ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ጥጥ ፋብሪካ ገብታ አሳደገችን። ሃያ ስድስት ዓመት የማገችው ብናኝ ሳንባዋን ጨረሰው። በመጨረሻ አልጋዋ አጠገብ ኦክስጅን እያጣራ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ የሚነፋ ማሽን ተቀመጠላት። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራት ደግሞ እኛ ሰፈር ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲከፋው ይሄዳል። ለክፉ ቀን ብለን ከክሊኒክ ያመጣነው ትልቅ የኦክስጅን ሲሊንደር ነበር፤ እትዬ ግን «ይኼን ቦምብ ከፊቴ አንሱልኝ» እያለች መድረሻ አሳጣችን። ጣሪያው ሥራውን ሲጀምር ከደንበኞቹ ሁሉ በፊት የእሷን ቤት ሠራ። ሳጥኑን ባሰረ በሳምንቱ ሲሊንደሩን ራሱ ተሸክሞ ለክሊኒኩ መለሰ። ሦስታችንም ተገላገልን ብለን ነበር።

በኋላ ለሁሉም ቤት የሆነው ያ ቃል የተወለደው የእትዬ ሳጥን የታሰረ ቀን ነው። ሳጥኑ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል፤ የመብራት መሥሪያ ቤቱ ምን ያህል ኃይል እንደተላከለት ከሩቅ ያያል፣ ወንድሜም ብልሽት ሲኖር በስልኩ ይገባል። ለመግባት ግን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ወንድሜ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ «ምን ልበለው?» ሲል በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች እትዬ ከአልጋዋ።

«እኔ ነኝ!» አለች ጎረቤታችን ከውጭ።

«ግቢ!»

ወንድሜ ሳቁን ለቀቀው። «አያችሁ? ስም የለ፣ መታወቂያ የለ፤ እኔ ነኝ ያለ ሁሉ ይገባል!» አለና ያንኑ ጻፈ።

ለቀጣዮቹ ደንበኞች የየራሳቸውን ቃል ለመስጠት ሞክሮ ነበር። አንዱ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ በወር ውስጥ አራት ጊዜ ረስተው አራት ጊዜ አስጠሩት። ከዚያ በኋላ ለሁሉም አንድ አደረገው። «ማነው ሲልዎት እኔ ነኝ ይበሉት» ይላቸዋል፤ ይስቃሉ፤ ደግሞም አይረሱትም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት መቶ አሥር ቤት ደረሰ።

አንድ ቀን ከመብራት መሥሪያ ቤቱ አንዲት ወጣት ኢንጂነር መጣች። እትዬ ቤት ምሳ ላይ ነበርን። ሳጥኑን ነካካችና፣ ከሌላ ደንበኛ የሰማችው ቃል ሲከፍትላት ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ለሁሉም ቤት አንድ ቃል ነው እንዴ ያደረጉት?»

«ምን አለበት ልጄ? ሌባ ፀሐይን ሰርቆ የት ይወስዳታል?»

እሷ አልሳቀችም። «አይሰርቁም ጋሼ፣ በኢንተርኔት ገብተው ያጠፉታል። ይኼ ሁሉ ቤት፣ ሌሎች እንዲሁ ያሰሩትም ተጨምሮ፣ ባንድ ጊዜ ከጠፋ ዋናው መስመር አይችለውም፣ አብሮ ይወድቃል። ሰሞኑን ሌላ ከተማ ደርሷል። ገብተው ቃሉን ቢለውጡት ደግሞ እርስዎ ራስዎ ውጭ ይቀራሉ።»

ወንድሜ የጎረሰውን ማላመጥ አቆመ። ከማግስቱ ጀምሮ በየቤቱ መዞር ያዘ። በድሮው ቃል መግባት፣ ሳጥኑን አጥፍቶ ማስነሳት፣ ቁልፉን በእጅ መጫን፣ ለእያንዳንዱ ቤት አዲስ ቃል ማውጣትና ለባለቤቱ በወረቀት መስጠት ነበረበት፤ አንዱ ቤት ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። መጀመሪያ የሄደው ዳኛው ቤት ነው። በቀን ስድስት ሰባት ቤት እየሠራ፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል አርባ የማይሞሉ ቤቶች ቀሩት።

ሰኞ ዕለት እትዬ ቤት መጣ። እሷ ሦስት ቀን ሙሉ ሳል ፋታ ነስቷት ቆይታ ያን ሰዓት ገና ሸለብ አድርጓታል። እኔም አብሬያት እንቅልፍ ስላጣሁ ነገር ዓለሙ አስጠልቶኛል።

«ሃያ ደቂቃ ብቻ» አለኝ በሹክሹክታ። «ለማሽኑ ከጎረቤት መስመር እስብለታለሁ።»

«ሲነቀል ይጮሃል፤ ትነቃብኛለች።»

«ይኼን ሳልጨርስ ልቤ አያርፍም እኮ።»

«ሰው እንዳታስቀይም፤ የደንበኞችህን ጨርስና ሐሙስ ና። እሷ የት ትሄዳለች?»

«ሐሙስ?»

«ሐሙስ አልኩህ! አትነዝንዘኝ።»

እትዬን ትንሽ አያት። ከዚያ መሣሪያው እንዳይንኳኳ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ በጣቱ እየተራመደ ወጣ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ማሽኑ ጮኸ። መብራቱም፣ ጎዳናው ላይ ያለው የወፍጮ ቤት ድምፅም ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ባትሪው ሙሉ ነበር፤ ሳጥኑ ግን ቀይ አብርቶ ዝም ብሏል። ለወንድሜ ደወልኩ። ከተማው ጫፍ፣ አንድ ጣሪያ ላይ ነበር።

«ያልደረስኩባቸው ቤቶች በሙሉ ጠፍተዋል፤ ስልኬ ላይ እያየሁት ነው» አለኝ። «ሳጥኑ ላይ ቃሉን ጻፊና አስነሺው፣ ቶሎ!»

ጻፍኩ። የይለፍ ቃሉ የተሳሳተ ነው አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ። ያው ነው።

«አልቀበልም አለኝ!»

«ረጋ በይ፣ ፊደል በፊደል።»

«ፊደል በፊደል ነው የጻፍኩት፣ አልቀበልም አለኝ እኮ!»

ከመሰላሉ ዘሎ ሲወርድ ሰማሁ። ሲሮጥ ትንፋሹ ይሰማኛል። «ለውጠውታል» አለ። ከዚያ «ሲሊንደሩን...» ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

አምቡላንስ ጠራሁ። የትራፊክ መብራቶቹ ጠፍተው መንገዱ ተቆላልፏል፣ እንሞክራለን አሉኝ። ጎረቤታችን መስኮቱን ሁሉ ከፈተች፤ እኔ ትራስ ደራርቤ እትዬን ቀና አደረግኳት። ከንፈሯ እየጠቆረ ነበር። እንዲያ ሆና እጅጌዬን ይዛ «አይዞሽ» ትለኛለች። እኔን! «አይዞሽ፣ ይመጣል» አለችኝ። መብራቱን ይሁን ወንድማችንን አላወቅኩም። ሁለተኛ አልተናገረችም።

ወንድሜ የደረሰው እሷ ካረፈች ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ካለበት ቤት ግድግዳ የነቀለውን፣ ቃሉን ለውጦ የጨረሰውን ሳጥን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ መንገድ ሲዘጋበት በእግሩ ሮጦ ነበር የመጣው። ወደ አልጋው አላየም። «አልቃለች» አልኩት፤ አልሰማኝም። ተንበርክኮ የድሮውን ሳጥን ከባትሪው በጠሰ፣ አዲሱን አገናኘ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሁለቴ አጠበቀ። ማሽኑ ተነሳ። ቱቦው አንሶላው ላይ እየነፋ ቆየ፤ ሁለታችንም ደፍረን አላጠፋነውም። በኋላ ያጠፋችው ጎረቤታችን ናት።

ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ከግቢያችን ተርፎ መንገድ ላይ ቆመ። ዳኛው በከዘራቸው እየተደገፉ መጥተው ወንድሜን አቀፉት። «ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሲጠፋ የእኔ ቤት አልጠፋም» አሉት። «እጅህ ይባረክ ልጄ።» ከእሳቸው በኋላ ሌሎችም ይህንኑ አሉት። ደግ ያደረጉ መስሏቸው ነው። እሱ ለእያንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ይላል።

በሦስተኛው ቀን ኢንጂነሯ መጣች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ቤት እንዴት ቀረ? የመጀመሪያው መሆን ነበረበት እኮ» አለችው።

«የራሴን ቤት ለኋላ ትቼው ነው» አላት። «ችላ አልኩት።»

ከጥግ በኩል አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች፤ አንዱ ደግሞ ጎኑ ላለው ሰው በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ወንድሜ ቀና ብሎ ወደ እኔ ቢያይ ኖሮ ምናልባት የሰኞውን ነገር አወጣው ነበር። አላየኝም። ሆን ብሎ ነው ያላየኝ። እኔም የፕላስቲክ ወንበር አነሳሁና ለኢንጂነሯ አስጠጋሁላት። «ቁጭ በይ እህቴ» አልኳት።