ከብቶቹ የተጠሩበት ሰኞ

ይህን የምጽፈው ስለ አክስቴ የሚነገረው ታሪክ ስሕተት ስለሆነና ነገሩ በተፈጸመበት መስክ ላይ ስልክ ይዤ የቆምሁት እኔ ስለነበርሁ ነው። ባለፈው ወር ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ ስመለስ፣ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ያንኑ ታሪክ እየተቀባበሉ ይሥቁበት ነበር። እንደ እነርሱ አባባል አንዲት ስስታም ነጋዴ የድሀውን በረት አራቁታ ከብቶቹን በኢንተርኔት ሸጠቻቸው። ልመልስላቸው ዘወር አልሁና ተውሁት፤ በመኪና ወንበር ላይ አንገትን አጣሞ የሚነገር ነገር አይደለም። ቤት እንደ ደረስሁ አክስቴን ፈቃድ ጠየቅኋት። ባቄላ እየለቀመች ነበር። «ጻፈው፤ ስሜን ግን ቀይረው» አለችኝ። ስለዚህ እዚህ ደብሬ ብያታለሁ፤ የሌሎቹም ስም የራሳቸው አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ በእርሷ ቤት የተቀመጥሁበት ዓመት ነበር። ቀን ቀን በእህል መደብሯ ደጃፍ መጽሐፍ ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ የንፋስ መውጫ ነፋስ ከእኔ ቀድሞ ገጹን ይገልጣል። ደብሬ አርባ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ሴት ነበረች። ወፍጮ፣ አንድ አይሱዙና እህል የሞላ መጋዘን ነበራት፤ ዋናው ሀብቷ ግን ለዓይን አይታይም። ከብቶቿ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበሬዎች በረት በርቢ ተሰጥተው ነበር፤ ላሟ የባለቤቷ እንደሆነች አርቢው ወተቷን ይጠጣል፣ የምትወልደውን ደግሞ ሁለቱ ይካፈላሉ። በአገራችን ሰው ከብቱን ሁሉ በአንድ በረት አያጉርም። አንድም ለበሽታ፣ አንድም ለሰው ዓይን ይሠጋል። ከዚያም በላይ የርቢ ላም ሁለት ቤት እንደ ዝምድና ታስተሳስራለች፤ በሠርግም በለቅሶም ያጠራራል።

ደብሬ አንድ ጊዜ አግብታ ፈትታለች። ሰውየው ወፍጮው ሲተከል መጣ፣ ወፍጮው ትርፍ ማምጣት ሲጀምር ተካፍሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቃት ወንድ ሁሉ ከትከሻዋ በላይ መጋዘኗን የሚያይ ይመስላት ነበር።

በዚያ ዓመት በጥቅምት አያ አበጀ ሽማግሌ ላከባት። ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም በሚወስደው መንገድ ዳር ገብስ የሚያርስ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነበር። የእርሷን አንዲት ላም በርቢ ይዟል። ለገበያ በወጣ ቁጥር የባቄላ እሸት ሳያመጣላት አይቀርም፤ እርሷም የሌላውን ገብስ በሠራተኛ እያስሰፈረች የእርሱን ራሷ ትሰፍር ነበር። ይህን አይቼ ነበር፤ ግን የወጣት ትዕቢት ይዞኝ ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም። ሽማግሌዎቹን የመሩት መሪጌታ ኅሩይ ናቸው፤ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ በእርጅናቸው ሦስት ሰው አስከትለው በእግራቸው መጡ። ደብሬ እንደ ወጉ ቶሎ እሺ አላለችም። ለኅዳር ሚካኤል ቀጠረቻቸው።

«ሰውየውን አልጠላሁትም» አለችኝ ማታ። «ግን ላሜን የሚያልብ ሰው ነው። የፈለገው እኔን ይሁን ላሟን በምን ልወቅ?»

ከዚያ ስልኳን አቀበለችኝ። አንድ ማስታወቂያ ደርሷት ነበር፤ ለባለሀብት ላጤዎች ብቻ የተዘጋጀ የመተጫጫ መተግበሪያ። የእርሷ ሐሳብ ቀላልና በመልኩ ትክክል ነበር፤ የራሱ ያለው ሰው የሌላውን አይመኝም። እስከ ሚካኤል ድረስ እዚያ ያለውን አይታ ለሽማግሌዎቹ ቁርጡን ልትነግራቸው ወሰነች። እንዲህ ዓይነቱ አፕ ብዙ መሆኑን ስነግራት፣ የተማርሁት ለምን እንደሆነ ጠይቃ ደህናውን እንድመርጥላት አዘዘችኝ።

የመመረቂያ ጽሑፍ እንደማዘጋጅ ሆኜ ሦስቱን አነጻጸርሁ። የመጀመሪያው የባንክ ማስረጃ ይጠይቃል፤ የደብሬ ገንዘብ ባንክ ከማደር እህል ሆኖ ማደር ይወድ ነበር። ሁለተኛው አስቀድሞ የገባ አባል እንዲመሰክርላት ይፈልጋል፤ ከእኛ ከተማ ማን ይገኛል? ሦስተኛው የንብረት ፎቶግራፍ ብቻ ይበቃው ነበር። እርሱን መረጥሁ። ወፍጮውንና አይሱዙውን አንሥቼ ላክሁ። የመጣው መልስ ጨዋ ነበር፤ የቀረበው ማስረጃ በቂ ባለመሆኑ ተጨማሪ ንብረት እንድታሳይ ይጠይቃል።

ደብሬ መልሱን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ፊቷ ቀላ። «እኔን ድሀ ነሽ ነው የሚሉኝ?»

በማግሥቱ ከብቶቿን በአንድነት ፎቶ ልታስነሣ በገበያተኛ ወደ አርቢዎቹ ላከች፤ ርቢ የያዘ ሁሉ ሰኞ ጠዋት ከብቱን ይዞ ከከተማው በታች ወዳለው መስክ እንዲመጣ። ለምን እንደሆነ ቢነገራቸው አይሻልም ወይ አልኋት።

«ምን ብዬ? ደብሬ ባል ልትፈልግ ከብት ታሰልፋለች ብዬ?»

ሰኞ ጠዋት ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ነበር። የስማዳና የእስቴ ሰዎች ከዋዜማው ተነሥተው፣ በሶ በስልቻ ይዘው፣ ሌሊቱን በመንገድ አድረው ደረሱ። ከብቶቹ እየበዙ ሲሄዱ ስልኬን አወጣሁ፤ በእውነቱ ውብ እይታ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልሁ። እያንዳንዱ አርቢ ከጎኑ አንድ ሽማግሌ አስከትሏል። ሰላምታቸው አጭር ነው። ጥጃና ጊደር ያለው ከእናቱ ለይቶ አቁሟል። ርቢ ሲፈርስ የሚካፈሉት በምስክር ፊት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ባለቤቷ ከብቷን ጠርታለች፤ ለእነርሱ ጥሪው ሌላ ትርጕም ሊኖረው አይችልም ነበር።

ፎቶ ማንሣት ስጀምር ጕምጕምታው ተሰማ። አንዱ የስማዳ ገበሬ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ደብሬ ቀረበ። «እመት ደብሬ፣ ፎቶው ለፍርድ ቤት ነው? እንግዲያ እኛንም አሰልፉን፤ ሣሩን ያጨድነው እኛ ነን።» ጥቂቶች ሣቁ፤ ሣቁ ግን ቶሎ ደረቀ። ልናገር አንድ እርምጃ ስራመድ አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። «አፍህን እንዳትከፍት» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አያ አበጀ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ላሟን እየነዳ፣ ጥጃዋን በገመድ እየሳበ መጣ። ቤቱ ከሁሉ የቀረበው እርሱ ነበር፤ ለምን እንደ ዘገየ ማንም አልጠየቀውም። እስከዚያ ቀን ደብሬን አንቺ ይላት ነበር።

«በርቢ የያዝሁት ይኸው ነው» አላት። «ጥጃዋንም ይውሰዷት፤ መካፈል አልፈልግም። ሽማግሌዎቹም ደግመው አይመጡብዎትም፤ መልሱ ደርሶኛል።»

የደብሬ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር፤ ያ ዓረፍተ ነገር ግን መተግበሪያውን ማንሣት ነበረበት፣ ሁሉም ጆሮውን አቁሟል።

«ላሟን ወደ በረትህ መልሳት» አለች በመጨረሻ። «አልጠራሁህም።»

«ልከውብኝ ነው የመጣሁት። ሽማግሌ ልኮ የተመለሰ ሰው የሴቲቱን ላም ይዞ አይገባም።» ገመዱን በእጇ አስያዛትና በመጣበት መንገድ ሄደ። ጥጃዋ ተከትላው ልትሄድ ስትታገል ደብሬ በሁለት እጇ ይዛት ቆመች።

በሚካኤል ዕለት መሪጌታ ብቻቸውን መጡ። ዶሮ ተሠርቶ፣ ጠላ ተጠምቆ ይጠብቃቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን መደቡ ላይ እንኳ አልተመቻቹም። አበጀ የጋብቻ ጥያቄውን እንደተወና ይህንኑ ሊነግሯት እንደመጡ አስታወቋት። ያኔ ደብሬ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የፊተኛ ባሏ የጣለባትን ፍርሃት፣ ማስታወቂያውን፣ ፎቶውን። መሪጌታ አልሣቁም።

«እንግዲያ ይህንኑ ልንገረውና ነገሩ ይፈታ» አሏት።

«ሌላ ምክንያት ይስጡት።»

«ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ልጄ። ይህን ቢሰማ ይናደድ ይሆናል። ግን እንዳልጠላሽው ያውቃል። ፍቀጂልኝ።»

ደብሬ ነጠላዋን በአፏ ላይ ሳበች። «ይሥቁብኛል።»

«ማን?»

«አገሩ።»

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ወጡ። ከደጁ ባሻገር ቆመው አንድ ጊዜ ዞር ማለታቸውን አስታውሳለሁ፤ ማንም አልጠራቸውም።

ከጥቂት ቀን በኋላ መተግበሪያው ያን ሰኞ የላክሁትን የከብቶቹን ፎቶ አይቶ ማመልከቻዋን መቀበሉን አስታወቀ። ደብሬ በመኪና የተደገፉትን፣ ሰዓታቸው እንዲታይ እጅጌያቸውን የሰበሰቡትን ወንዶች አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዱ የአዲስ አበባ ነጋዴ ጻፈላት። ሰላምታ እንኳ አልነበረውም። ከብቶቹ በሙሉ የእርሷ መሆናቸውን ጠየቀ፤ ቀጥሎ ስንት እንደሆኑ።

«ይኸው» አለችኝ ስልኩን እየመለሰችልኝ፣ «ይኼም ቆጠራ ጀመረ። አጥፋው።» አጠፋሁት።

መስኩ ላይ ትተውላት የሄዱትን ከብቶች መልሰው እንዲወስዱ ለየአርቢው ላከች። አንዳንዱ ይቅርታዋን ተቀብሎ ነዳ። አራቱ ግን አንድ ጊዜ የተጠራ ከብት በረቱን አይወድም ብለው ቀሩ። አያ አበጀ ከትንሣኤ በኋላ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ በኩል አገባ፤ ደግ ሴት ናት ይባላል። ገብሱን አሁን ከገበያው ማዶ ካለ መደብር ያስሰፍራል።

ያን ጊዜ ነገሩን የድንቍርና ጕዳይ አድርጌ ነበር ያየሁት። አሁን ግን እንዲያ አላስብም። ደብሬ የፈለገችው ማስረጃ ነበር፤ መተግበሪያውም የጠየቃት እርሱኑ። ሽማግሌ የሚልክ ሰው ማስረጃ የለውም። የሚልከው ስሙን ነው፤ በሰው ደጅ ወድቆ እንዲቆይ፣ ቢነሣም ባይነሣም። እርሷም ስሟን አንድ ጊዜ እንዲያ ልትጥል በቻለችበት ሰዓት አልደፈረችም። አገሩ ደግሞ ያው ሣቀባት፤ ባልሠራችው ነገር።

የጠፋው ይህ ነው። በሠርግና በለቅሶ ይጠሩን የነበሩ አራት ቤቶች። አንድ ሰው።