ለልብ እንዲተርፍ

በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ውስጥ ሲስተር እየተባለች የምትጠራው አንጋፋዋ ነርስ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ብዙ ሞት አይታለች። ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ ወደሚቀጥለው አልጋ ማለፍ ለምዳለች። እማማ የታመሙ ጊዜ ግን ልማዷ ከዳት።

እማማ የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ እንደ መወልወያቸው ምላሳቸውም የማያርፍ፣ አለቃና ተማሪ ሳይለዩ የሚያዝዙ ሴት። "እግርህን አንሳ፣ ዶክተር፤ በሽታው ያለው ከጫማህ ሥር ነው" ሲሉ የማይስቅ አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባልዲያቸውን እንደያዙ ሲንቀጠቀጡ ሲስተር አየቻቸው። ብትጠይቃቸው ጎናቸውን እንደሚወጋቸው፣ ሽንታቸውም እንደሚያቃጥላቸው ነገሯት። እሷ ሥራ ተደራርቦባት ነበር፤ ማስታገሻ ሰጥታ ቤታቸው ገብተው እንዲተኙ መከረቻቸው። እሳቸው ግን ብርድ ነው ብለው ወለሉን መወልወል ቀጠሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ፤ የማንንም በሽተኛ የደም ግፊት የምትለካው ሴት የእሳቸውን ሳትለካ አለፈች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሴት ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። ኢንፌክሽኑ ከኩላሊት ተነሥቶ ደማቸው ውስጥ ገብቷል። ፈሳሹም አንቲባዮቲኩም ወዲያው ተሰጣቸው፤ ግፊታቸው ግን አልነሣ አለ። ሐኪሙ የላላውን የደም ሥር የሚያጠብቀውን ኖርአድሬናሊን አስጀመረ። ግፊቱ ጥቂት ከፍ አለና ተመልሶ ወረደ። መጠኑ ቢጨመርም ወረደ።

ሲስተር ሥራ በጀመረችበት ዘመን እንዲህ ሲሆን የሚታዘዘው ዶፓሚን የተባለው መድኃኒት ነበር። በእሱ ከሞት አፋፍ የተመለሰ አንድ ሾፌር ትዝ አላትና የመድኃኒቱን ብልቃጥ ይዛ ሐኪሙ ፊት ቆመች። ሐኪሙ በዕድሜ ልጇ ቢሆን ነው፤ አልተቆጣም። ሞኒተሩን አሳያት። የእማማ ልብ በደቂቃ መቶ አርባ ጊዜ ይመታል፣ ያውም እየተወላገደ።

"ዶፓሚን ይህን ልብ ይብስ ያስጋልበዋል፣ ሲስተር" አላት ቀስ ብሎ። "ቫሶፕሬሲን እንጨምርላቸው። እሱም የደም ሥር ያጠብቃል፤ ልባቸውን ግን አያስሮጥም።"

እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። ዶፓሚንን የመረጠው ጭንቀቷ እንጂ ዕውቀቷ አልነበረም። ብልቃጡን መለሰችና ራሷ ፋርማሲ ሄዳ የተባለውን አመጣች።

ከሰዓት በኋላ ግፊቱ መውረዱን አቆመ። እማማ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ወለሉን ማን እንደወለወለው ጠየቁ። ሲስተር እኔ ነኝ ብላ ዋሸቻቸው።

"ያስታውቃል" አሏት።

ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

አርብ ጠዋት ጣቶቻቸው ጠቆሩ። ልጃቸው በሁለት እጇ ይዛ ብታሻሻቸው አልሞቅ አሉ። ምን ሆነው ነው ብላ ጠየቀች። ሲስተር ይህን ለስንቱ ቤተሰብ አስረድታለች።

"ደሙ ለልብና ለአንጎል እንዲተርፍ መድኃኒቱ ከጣት ላይ ይቀንሳል" አለቻት።

ልጅቱ ጣቶቹን አልለቀቀችም። በእነዚህ ጣቶች ነው ያሳደገችኝ አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

እኩለ ቀን ላይ ሐኪሙ ኩላሊታቸው ሥራ ማቆሙን፣ የመድኃኒቶቹንም መጠን ከዚህ በላይ መጨመር እንደማይረባ ለልጅቱ ነገራት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እማማ ዐረፉ።

ሲስተር መድኃኒቱን የሚሰጠውን ፓምፕ አጠፋች። ሌላ ነርስ ገላቸውን ልጠብ ብትል አልፈቀደችም። ሞቅ ባለ ውኃ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ አጠበች። ስትጨርስ ከልጅቱ አጠገብ ተቀመጠች።

"ማክሰኞ ታመው አይቻቸው ነበር" አለቻት። "ግፊታቸውን አልለካሁም።"

ሲስተር ስድቡንም እርግማኑንም ለመቀበል አንገቷን ደፋች።

"እኔስ?" አለች ልጅቱ። "ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት እየሰማሁ፣ ሻይ አፍልቼላት ተኛሁ።"

አስከሬን የሚወስዱት ሰዎች አልጋውን እየገፉ እስኪመጡ ድረስ፣ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው አለቀሱ።