ሰርተፍኬቴን ያስገኙልኝ ማመልከቻ ጸሐፊ

ጋሽ ሰይድ አርፈዋል አሉኝ። ዛሬ ጠዋት፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ በስልክ።

አላመንኩም። እሳቸው ለሶላት ሲነሱ እንኳ ወንበራቸው ላይ «እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት አስቀምጠው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ሳይነግሩን የትም አይሄዱም ብዬ ልደታ ወረድኩ። ያቺ ጠረጴዛቸው ተጣጥፋ ግድግዳ ተደግፋለች። አመንኩ።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ሰይድ ልደታ ፍርድ ቤቱ በር አጠገብ፣ ጃንጥላ ሥር፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ ያኔ፣ ባቡሩ ገና እየተሠራ ሳለ፣ ክራባት የማስር ትልቅ ሰው ነበርኩ። መሥሪያ ቤቴ «ቢዝነስ አናሊስት» የሚል ማዕረግ ሰጥቶኝ፣ የሙያ ፈተናውን ካላለፍክ ማዕረጉን እንነጥቅሃለን ብሎኛል። የመጀመሪያውን ሙከራ በክብር ወድቄአለሁ። የቀረኝ አንድ ነበር።

ለቤት ጉዳይ ማመልከቻ ላስጽፍ ስሄድ ጋሽ ሰይድ ሥራዬን ጠየቁኝ።

«ቢዝነስ አናሊስት ነኝ።»

«እሱ ደግሞ ምን ይሠራል?»

«ሰው የሚፈልገውን ጠይቆ፣ አጣርቶ፣ በጽሑፍ ያቀርባል።»

እስክሪብቷቸውን አዩት። ጃንጥላቸውን አዩት።

«ለዚህ ፈተና አለ እንዴ?»

«አለ። ወድቄአለሁ።»

«አይዞህ» አሉኝ፤ ከልባቸው ነበር። «ነገ ና።»

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሳምንት ሙሉ ጎናቸው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት የፍቺ ማመልከቻ ጻፉልኝ ብላ መጣች። ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አድርገው «ጻፍ» አሉኝ። የተናገረችውን አንድ ሳላስቀር፣ በተራ ቁጥር፣ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ኮራሁም።

አነበቡት። «ጽሕፈትህ ያምራል። ሴትዮዋን ግን አፋታሃት።»

ወደሷ ዞሩ። «እህቴ፣ ያልሽውን ሰማሁ። የምትፈልጊውን ደግሞ ንገሪኝ።» ይህችን ለማንም ባለጉዳይ ይሏታል። ብለው ዝም። ዝምታቸው ደግሞ ጉድ ነው፤ ሰው ያናግራል። ቆይተው «የተፋታችሁ ማግስት ጠዋት፣ ቤታችሁ ውስጥ ምን ይለወጣል?» አሏት።

አለቀሰች። ባሏን አልጠላችውም። አንዲቷ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት አብሯቸው የኖረው የባሏ ወንድም እንዲወጣላት ነበር የፈለገችው። ጋሽ ሰይድ ሁለቱን ገጼን ቀደው ባልሽን ይዘሽ ነይ አሏት። በማግስቱ መጡ።

«ይሄን ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?» አላት ባልየው።

«አንተ መች ጠየቅከኝ?»

ለካ እኔም የወደቅኩት እዚያው ላይ ነው። ፈተናው «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ባለኝ ቁጥር «ሰነድ አዘጋጃለሁ» እያልኩ ነበር። ሁለተኛውን ስፈተን እጄ «ሰነድ አዘጋጃለሁ» ወደሚለው መልስ ሊሄድ ሲል ያቺ ሴትዮ ትመጣብኛለች። እመልሰዋለሁ። «መጀመሪያ እጠይቃለሁ።» አለፍኩ።

ሰርተፍኬቱን ይዤላቸው ሮጥኩ። መነጽራቸውን አድርገው ፊትና ጀርባውን ገለባበጡት።

«ማኅተም የለውም።»

«በኢንተርኔት ነው የሚረጋገጠው፣ ጋሼ።»

«ይሁን። እዚህ ግቢ ግን አያስገባህም።»

ከዚያ ተነሥተው ጎረቤታቸውን ሁሉ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳውን ልጅ ሳይቀር እየጠሩ አሳዩልኝ። «የኛ ልጅ አለፈ» እያሉ። እንግሊዝኛውን ማንም አላነበበውም፤ ሁሉም ጨበጠኝ።

ጋሽ ሰይድ፣ ያን ቀን የመጣሁት ወረቀት ላሳይዎ ብቻ አልነበረም። አመሰግናለሁ ልልዎ ነበር። ሳቁ ቀደመኝ። ከዚያ ወዲህም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቀልድ ስወረውርልዎ ዓመታት ሄዱ። የኔ አፍ እንዲህ ነው፣ ቁም ነገሩን ለነገ ያሳድራል። እርስዎ ጎን ባልቀመጥ ኖሮ፣ ዛሬም የሰውን ቃል እየገለበጥኩ ሰው የረዳሁ ይመስለኝ ነበር። አመሰግናለሁ።

ዕድሜዎን ሙሉ ደጅ ለሚጠና ሰው ጻፉ። እዚያ ደጅ ሳያስጠኑዎ ያስገቡዎ፣ አባቴ።