ሦስት ፍየል የወጣበት ሲስተም

በሩን መክፈት።
ኮምፒዩተሩን በጨርቅ፣ ታይፕራይተሩን በብሩሽ ማጽዳት።
መብራት መኖሩን ማረጋገጥ።
ማመልከቻ መጻፍ።
ውል መጻፍ።
የከብት ሽያጭ ወረቀት መጻፍ።
የተጻፈውን ለባለጉዳዩ ጮክ ብሎ ማንበብ።
ስሕተት ቢገኝ ያለ ተጨማሪ ሒሳብ ማረም።
ሲመሽ ሁሉንም ሸፍኖ መዝጋት።

ነገሌ ቦረና፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው የጽሕፈት ሱቃቸው፣ ወይዘሮ ማሚቴ ሸዋንግዛው ይህን ሥርዓት፣ ኮምፒዩተሩ ኋላ ቢጨመርበትም፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ አንድም ቀን አላዛነፉም። አባታቸው በጦር ሰፈሩ አሥር አለቃ ነበሩ፤ እርሳቸውም ጽሕፈት የተማሩት በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው እዚያው ሰፈር ነው። ያስተማሯቸው መቶ አለቃ የተማሪዋን እጅ በጨርቅ እየሸፈኑ፣ "ፊደል በዐይኑ የሚፈልግ ጸሐፊ አይባልም፤ ጣትሽ ይወቀው" ይሉ ነበር። ጣታቸው ዐወቀው። ሠራዊቱ ሲበተን እንጀራቸው አብሮ ተበተነ፤ ጣታቸው ግን ሥራውን አልረሳምና አንድ አሮጌ ታይፕራይተር ገዝተው ሱቅ ከፈቱ። በ1996 ኮምፒዩተር ሲያስገቡ እንኳ የመረጡት የአማርኛ መጻፊያ፣ የታይፕራይተሩን የፊደል አቀማመጥ ቁልፍ በቁልፍ የሚከተለውን ነበር።

በ2007 ግን ኮምፒዩተሩ ማንገራገር ጀመረ። በፍላሽ የሚመጡ አዳዲስ ቅጾች አልከፈት አሉት፤ ባለጉዳይም እየተነሣ ወደ ማዶ ይሻገር ጀመር። ማዶ ያለው የሰማታር ሱቅ ነው። ሰማታር ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ፎቶ ኮፒ ሲያነሣ ዘፈን የሚጭን፣ ዘፈን ሲጭን ቀልድ የሚጨምር ጎረቤት ነበር።

ዶሎ ኦዶ በአንድ የርዳታ ድርጅት የኮምፒዩተር ባለሙያ የሆነው የእኅታቸው ልጅ ናሆም፣ በነገሌ ሲያልፍ ዕቃውን አየላቸው።

"አክስቴ፣ ማሽኑ ደኅና ነው፤ ያረጀው ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተሙ ነው። ያለ ፈቃድ የተቀዳውን ከፈለጉ ሰማታር በመቶ ብር ይጭንልዎታል። ሕጋዊው ግን ተከፍሎበት ከአዲስ አበባ ይመጣል።"

"ስንት ነው ሕጋዊው?"

"በዚህ አገር ሒሳብ ሦስት ፍየል።"

ሰማታር በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። "አዴ ማሚቴ፣ አካም? ናጋ? ለማይታይ ነገር ሦስት ፍየል! ፍየል እኮ ቢያንስ ትጮኻለች።"

"ያንተው የተቀዳው በየሁለት ወሩ እንደ ወባ ይነሣብህ የለም?" አሉት።

"ይነሣል። በመቶ ብር ደግሞ ይተኛል።"

ወይዘሮ ማሚቴ ዘወር ብለው፣ የሽያጭ ወረቀት ሊያስጽፉ የመጡትን የአሬሮውን ከብት ነጋዴ ተመለከቱ። "ኦቦ አብዱባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

ሽማግሌው ሲስተም ምን እንደሆነ አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "የሠራው ሰው አለ?"

"አለ" አሉ ወይዘሮ ማሚቴ።

"ኤላ ሲቆፈር ያልነበረ ሰው፣ ከብት ሲጠጣ ፊት አይቆምም። ቆፋሪው ካለ ይከፈለው።"

ኤላ ከሚባለው ጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ለማውጣት ሰው በሰው ላይ ተደርድሮ ባልዲ እንደሚቀባበል የሚያውቅ ሁሉ፣ ይህ ፍርድ ይግባኝ እንደሌለው ያውቃል። ወይዘሮ ማሚቴም ቆረጡ። ሰማታር ግን አልለቀቃቸውም።

"እንወራረድ! አዲሱ ሲስተም አሮጌው ይሠራ የነበረውን ሁሉ ከሠራ፣ አንድ ፍየል ከኔ። አንዲት ነገር ካቃተው ከአንቱ።"

"በጽሑፍ ይሁን" አሉና በታይፕራይተሩ፣ በካርቦን፣ በሁለት ቅጂ አወጡት። ሁለቱም ፈረሙ።

ሲስተሙ መጣ፤ ናሆምም ሊጭነው ተመለሰ። አሮጌው በአንድ ጎን እንዲቆይ ቢለምናቸው፣ "በአንድ ቤት ሁለት አዛዥ አይኖርም፤ አጥፋው" ብለው አስጠፉት። ሦስት ቀን ሙሉ ደስታ ሆነ። ቅጾቹ ተከፈቱ፤ ባለጉዳይ ከማዶ ተመለሰ፤ ወይዘሮ ማሚቴም በሰማታር ሱቅ አቅጣጫ ሁለት ጊዜ ያህል ፈገግ አሉ ይባላል።

በአራተኛው ቀን አብዱባ እየቸኮሉ ገቡ። ሊበን ውስጥ ባለው ኤላ ላይ፣ ከብታቸው በየሦስተኛው ቀን እንዲጠጣ በ1997 በዚያው ኤላ ከሚያጠጣው ከዶዮ ጋር የተዋዋሉትና እዚሁ ሱቅ ያስጻፉት ወረቀት በምስጥ ተበልቷል። የዶዮም ቅጂ የለም። አሁን ድርቁ ሲበረታ ተራው አከራከራቸው።

"ዶዮ ክፉ ሰው አይደለም" አሉ አብዱባ። "'የፈረምኩትን አልክድም፤ ቃሉ ይነበብልኝ' ብሏል። ሐሙስ ሽማግሌ ይቀመጣል። ካልተነበበ ከብቴ ከሁሉ በኋላ ይጠጣል፤ ከሁሉ በኋላ ደግሞ ጭቃ ነው።"

"አለ። እዚህ ኮምፒዩተር ውስጥ አለ" አሉ ወይዘሮ ማሚቴ። ከፈቱት። ገጹ ላይ አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረም፤ ከዳር እስከ ዳር የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍና የመቶኛ ምልክት ነበር። የድሮው መጻፊያ በአዲሱ ሲስተም ላይ አልጫን አለ። ናሆም በስልክ፣ "አክስቴ፣ ጽሑፉ አልጠፋም፤ ፊደሉን የሚያሳየው መጻፊያ ነው የጠፋው" አለ። ወደ ሰማታር ተሻገሩ፤ በእርሱም ማሽን ያው ሆነ፤ ያን መጻፊያ በከተማው የሚጠቀም ሌላ ሰው አልነበረም። ሰማታር ሊስቅ አፉን ከፍቶ የአብዱባን ፊት ሲያይ ዘጋው።

አብዱባ በቀስታ፣ "አዲሱ ገንዳ ውኃ ሳይዝ አሮጌውን ማን ይሰብራል?" አሉ።

ወይዘሮ ማሚቴ ወደ ሱቃቸው ተመልሰው የመጀመሪያውን መስመር ትኩር ብለው አዩት። ያኔ ጣታቸው በጠረጴዛው ላይ በራሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። እያንዳንዱ ምልክት ያኔ እርሳቸው የመቱት ቁልፍ ነበር፤ ያው ቁልፍ ደግሞ በታይፕራይተሩ ላይ አማርኛውን ፊደል ያወጣል! የታይፕራይተሩን ሽፋን ገፈፉ።

"ሰማታር! ና፣ ቁጭ በል። የምታየውን ምልክት አንድ በአንድ ጥራ።"

"ትልቁ ኤስ። ትንሹ ኬ። ቅንፍ። መቶኛ... አዴ፣ ይሄ ውል ነው ወይስ ድግምት?"

"ጥራ! አስተያየት አልጠየቅሁህም።"

ዐይናቸውን ጨፍነው መቱ። ሪባኑ ስለደረቀ በካርቦን ነበር የሚያትመው። ሰማታር ጠርቶ ጠርቶ ድምፁ ሲዘጋ ውኃ ይሰጡታል፤ ውኃውን ሲጨርስ "ቀጥል" ይሉታል። ሦስት ገጽ ወጣ። እንደ ሥርዓታቸውም ጮክ ብለው ለአብዱባ አነበቡት፤ ሽማግሌው በየአንቀጹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐሙስ ዶዮ ቃሉን ሰምቶ፣ "የኔ ቃል ነው" አለ። የአብዱባ ከብቶች በተራቸው ጠጡ።

ዓርብ ጠዋት ሰማታር ኮፍያውን አውልቆ ገባ። "ተሸነፍኩ። ውሉ ተገኘ፤ ፍየሏ የአንቱ ናት።"

"ውሉን ያወጣው ማን ነው?"

"ጣትዎ።"

"ሲስተሙስ?"

"እሱማ አቃተው።"

"እንግዲያው ወረቀቱን አንብብ። 'አንዲት ነገር ካቃተው' ይላል።"

"ታዲያ ሦስቱ ፍየል ሜዳ ላይ ቀረ?"

"አልቀረም። ቅጾቹ ይከፈታሉ፤ ወባ የለም፤ ቆፋሪውም ድርሻውን አግኝቷል። ዋጋውን ያወጣል። ያላወጣው የኔ ችኮላ ነው፤ አሮጌውን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ቅዳሜ ከገበያ አንዲት ቀይ ሴት ፍየል ገዝተው፣ መንገዱን ራሳቸው እየጎተቱ አሻገሯት። ፍየሏ በሰማታር በር ላይ ጮኸች። በሁለቱም ቅጂዎች ግርጌ ሁለቱም ፈረሙ፤ የውርርዱ ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።