ሕፃን ታቅፌ መንኮራኩር ላይ የወጣሁ ቀን

ልጄን ትክትክ የያዛት በሰባት ወሯ ነው። ያን ጊዜ መቀሌ በጣልያን እጅ ነበረች። ባሌ ወደ ደሴ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ስለነበር ቤቱ የሚያድረው በወር አንዴ ቢሆን ነው። እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ እሱን ተከትዬ ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በከተማው የእኔ የምለው ዘመድ አልነበረኝም። ከእሷ በፊት የወለድኳትን ልጅ እዚያው መቀሌ ቀብሬያለሁ። ስለዚህ ይቺኛዋ ማሳል ስትጀምር ሌሊት መተኛት ተውኩ።

ትክትክን ያላየ ሰው እንደ ሌላው ሳል ይመስለዋል። አይደለም። አንዴ ከጀመራት ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ጊዜ በላይ በላዩ ያንተከትካታል፤ መሀል ላይ አየር የምትስብበት ፋታ አይሰጣትም። ፊቷ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ ዐይኖቿ ይፈጣሉ። በመጨረሻ ጉሮሮዋ እንደታነቀ አውራ ዶሮ ጮኾ ትንፋሿን ትመልሳለች፤ የጠባችውንም ሁሉ ታስመልሰዋለች። ያ ድምፅ እስኪመጣ እኔም አልተነፍስም ነበር።

ጸበል አስጠመቅኳት። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ እዚያ የነበረው ሰው አይቷት "ጊዜውን ጨርሶ ነው የሚለቃት፤ ጡት ብቻ አትከልክያት" ብሎ መለሰኝ። ልጄ ግን በየቀኑ እየቀለለች ሄደች። ሳዝላት ጀርባዬ ላይ መኖሯን በእጄ ዳስሼ ነበር የማረጋግጠው።

አጥር የምንጋራ ጎረቤት ነበረችኝ፤ የአገሩ ተወላጅ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ለጣልያኖች ልብስ አጣቢ። ቋንቋቸውን ለምዳለች። ከእኔ ጋር የምታወራው በአማርኛ ነው፤ ስትጨነቅ ግን ትግርኛው ይቀድማታል። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

"ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ልብስ የማጥብላት ሲኞራ ምን አለችኝ መሰለሽ? በእነሱ አገር ይኼ ሳል የያዘውን ሕፃን ከፍታ ላይ ያወጡታል አሉ። አየር ሲለወጥበት ሳሉ እዚያው ይቀራል።"

በማግሥቱ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ይዘናት ወጣን። ነፋሱ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ እስኪታገል ድረስ ቆምን። ልጄ እዚያም ሁለት ጊዜ ተንተከተከች።

"ኮረብታ አይሆንም፤ በቀስታ ነው የሚወጣ" አለች ጎረቤቴ። "በአንዴ ከፍ፣ በአንዴ ዝቅ የሚያደርጋት ነገር ያስፈልጋል።" ይኼን ብላ ቁልቁል ወደ ሜዳው አመለከተችኝ።

በዚያ ሰሞን አንድ ሽማግሌ ጣልያን የመጫወቻ ዕቃ በሁለት መኪና ጭኖ መጥቶ ሜዳው ላይ ተክሎ ነበር። በክብ የሚዞሩ የእንጨት ፈረሶች አሉ። ከእነሱ ጎን የቤት ሁለት እጥፍ የሚረዝም መንኮራኩር ቆሟል፤ ዙሪያውን ሰው የሚቀመጥባቸው ስምንት ሣጥኖች ተንጠልጥለውበታል፤ የሚያዞረው የመኪና ሞተር ነው። እሑድ የጣልያኖቹ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእኛ ነበር።

ቅዳሜ ሄድን። ሽማግሌው ልጄን አይቶ አንድ ነገር አጉተመተመ፤ ጎረቤቴ በቋንቋው ስትመልስለት ትከሻውን ሰብቆ ሣጥኑን ከፈተልኝ። ፈርቻለሁ። "ኣጆኺ፣ አይዞሽ" አለችኝ፤ እሷ ከታች ቀረች።

የመጀመሪያው ዙር ደኅና ነበር። ልጄ ነፋሱ ፊቷን ሲመታት ዐይኗን ጨፈነች። በሁለተኛው ዙር ላይ ጀመራት። መቁጠር ልማዴ ነበርና ቆጠርኩ፤ ዐሥር አለፈ፣ ሃያ አለፈ። ከዚያ ሳሉ ቆመ፤ ያ የምጠብቀው ድምፅ ግን አልመጣም። ከንፈሯ ጠቆረ። አንገቷ ክንዴ ላይ ተዝለፈለፈ።

"አቁሙልኝ! ልጄ ሞተችብኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ግን በየሣጥኑ ያለው ሰው ሁሉ እየሳቀ ይጮኻል። ጎረቤቴ ከታች ነጠላዋን ታውለበልብልኛለች። መሬቱ ቀረበኝ፣ የሽማግሌው ፊት ባጠገቤ አለፈ፣ ተመልሼ ወደ ላይ ወጣሁ። እንደገና ስወርድ መጮኹን ትቼ ልጄን በሁለት እጄ ወደ ውጭ አሳየሁት። ያን ጊዜ አየ። ሞተሩ ጠፋ። መንኮራኩሩ ግን ከባድ ነውና በጉልበቱ ጥቂት ዞሮ እኔን አናቱ ላይ አቆመኝ።

ከታች ሰዎች ሊጎትቱት ይታገላሉ። እኔ ሰማይና ልጄን ይዤ ቀረሁ። ጸሎት እንኳ አልመጣልኝም። በፊቷ ጉልበቴ ላይ ደፋኋትና ጀርባዋን መታሁ፤ ጣቴን ጉሮሮዋ ድረስ ከትቼ ወፍራም አክታ እንደ ገመድ ጎተትኩ። ደግሜ መታኋት። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

ስወርድ ጎረቤቴ ልጄ ያስመለሰችውን በቀሚሴ ላይ አይታ እልል አለች። "ወጣላት! በሽታው ወጣላት!" እኔ ግን ልጄን ጡት ልሰጣት ወደ ቤት ገሠገሥኩ። ያን ዕለት ማታ ልጄ እንደ ወትሮዋ ሳለች። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ከተማውን ዞሯል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳው ላይ ሕፃን ያቀፉ ሴቶች ተሰልፈዋል ሲሉኝ ልጄን አዝዬ ሮጥኩ። እውነት ነበር። የሕፃናቱ ሳል ከሩቅ ይሰማል።

"እባካችሁ ተመለሱ፤ ልጄን ሊገድልብኝ ነበር" አልኳቸው።

"ልጅሽ ይኸው ጀርባሽ ላይ ናት" አለችኝ አንዷ። "ያንቺ ዳነች፤ የእኛ ይሙትልሽ?"

ጎረቤቴ እዚያው ነበረች፤ ለሽማግሌው ልታስረዳላቸው ነው የመጣችው። እጇን ይዤ ወደ እሱ ጎተትኳት። "ሕፃን እንዳያሳፍር ንገሪው" አልኳት። እንቢ አለች። ያን ጊዜ እላይ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ልጄ እጄ ላይ ትንፋሽ አጥታ እንደነበር፣ በጣቴ እንዳወጣሁት፣ ሳሉም እንዳልለቀቃት። "ዋይ ኣነ፣ ወይኔ!" አለች። ከዚያ ለሽማግሌው ነገረችው። እሱ ወደ ሰልፉ ዞሮ አየ፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ገመድ አሰረ።

ከሰልፉ አንዲት ልጅ እግር ሴት ሕፃኗን እንዳዘለች ወጥታ እግሩ ላይ ወደቀች። ከሩቅ ገጠር ሌሊት ተነሥታ የመጣች ናት አሉ። አንሥቷት ራሱን ነቀነቀ። ስትሄድ ዞራ ያየችው እሱን አይደለም፤ እኔን ነው።

ከዐሥር ቀን በኋላ ገበያ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኘን። ጀርባዋ ባዶ ነበር።

"አንቺ ነሽ ያዘጋሽብኝ" አለችኝ፤ አማርኛዋ የተሰባበረ ነው። "ወንድ ልጅ ነበር።"

ብትወጪም አይድንልሽም ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ወደ ጀርባዬ ተጠጋች። ሰው እየገፋን ያልፋል።

"ልጅሽን አሳዪኝ።"

ፈራሁ። ልሸሽም አስቤ ነበር። ግን አንቀልባውን ፈትቼ ሰጠኋት። ደረቷ ላይ አስጠጋቻትና ጆሮዋን በልጄ ጀርባ ላይ አሳርፋ አዳመጠች። ልጄ ያን ጊዜ ሳሉ ጀመራት። ሴትዮዋ ሳሉ እስኪያልፍ፣ ያ ድምፅም እስኪመጣ ድረስ ጨምቃ ያዘቻት፤ ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

"ታስላለች እኮ" አለች።

"አዎ። አላዳናትም።"

ያን ጊዜ አለቀሰች። ልጄን መልሳ ራሷ አዘለችልኝ፤ አንቀልባውንም አጥብቃ አሰረችው። ከዚያ ሄደች።

ልጄ ሌላ አንድ ወር ያህል ስላ፣ ሳሉ በራሱ ጊዜ ለቀቃት። ጎረቤቴ ሁሉን እያወቀች፣ ያዳናት መንኮራኩሩ ነው ማለቷን እስክታረጅ አልተወችም፤ እኔም መከራከር ሰለቸኝ። ገበያ በወረድኩ ቁጥር ግን ዐይኔ ያቺን ሴት ይፈልግ ነበር። ባገኛት ምን እንደምላት አላውቅም።