የአሸዋና የወንበር ጠባቂ

ከትልቋ ከተማ ከኩምባኮናም ወዲህ ባለችው በእኛ ትንሽ ከተማ፣ ማሲላማኒን አላውቀውም የሚል ሰው ፊልም አይቶ አያውቅም ማለት ነው። በቆርቆሮው ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሞ ቲኬት የሚቀድ፣ ፊልሙ ሲጀመር ደግሞ የእጅ ባትሪውን ይዞ ሰውን በየማዕረጉ የሚያስቀምጥ እሱ ነው። ከሸራው ሥር፣ የአሸዋ ቲኬት የቆረጠው ሕዝብ አሸዋ በፈሰሰበት መሬት ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ኋላ አግዳሚ አለ። ከሁሉም ኋላ፣ ማራገቢያው ሥር፣ መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች ተደርድረዋል፤ እነሱ የእነ ባለወፍጮ ናቸው። እኔ የአግዳሚ ሰው ነኝ። ከወዲያም ከወዲህም የሚሆነውን ለማየት ከአግዳሚ የተሻለ ቦታ የለም።

ማሲላማኒ በዚህ ሥርዓት ላይ ቀልድ አያውቅም። በጨለማ ተንፏቆ አግዳሚ ላይ የሚወጣውን የአሸዋ ሰው ክንዱን ይዞ ይመልሰዋል። የገዛ ዘመዱ ቢሆንም ይሉኝታ የለውም፤ አንድ ቀን ልጁን እንኳ ከወንበር አስነስቷታል።

ጉዱ ያለው እንባው ላይ ነው። አንድ ዓመት ላይ የልብስ አጣቢ ልጅና አንዲት የባለርስት ልጅ የሚዋደዱበት ፊልም መጣና ከተማው አበደ። ልጁ ሸራው ላይ ብቅ ባለ ቁጥር አሸዋው ያፏጫል፣ የተቀደደ ወረቀት ወደ ላይ ይረጫል። አባትየው ልጅቷን ክፍል ውስጥ ሲቆልፍባት ደግሞ ከጨለማው ውስጥ የማሲላማኒ ድምፅ ይሰማል። «አንተ ልበ ደንዳና! ልጅህ አይደለችም ወይ? ብትድርለት ምን ትሆናለህ!» ይልና አፍንጫውን በፎጣው ይጠርጋል። ወዲያው ደግሞ አንዱን ምስኪን ከአግዳሚ ጎትቶ ያወርዳል።

ታዲያ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ ኢላንጎ፣ የወንበር ቲኬት እየቆረጠ ሄዶ አሸዋ ላይ መቀመጥ ጀመረ። የወንዶቹና የሴቶቹ አሸዋ በአጭር ግንብ የተለየ ነው። እሱ ከወዲህ ግንቡን ይደገፋል፤ ከወዲያ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ፑንጎዲ፣ የማሲላማኒ ልጅ፣ ትደገፋለች። ነገሩ ለከተማው ሁሉ ገብቶታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ያልገባው ማሲላማኒ ብቻ ነው።

«ጌታዬ፣ ተሳስተዋል» ይለዋል ባትሪውን እያበራ። «ቦታዎ እዚያ ማራገቢያው ሥር ነው።»

«እዚህ ይሻለኛል።»

«ነጭ ሽርጥዎ ይቆሽሻል እኮ! እናትዎ ቢሰሙ የሚወቅሱት እኔን ነው። ይነሱልኝ እባክዎ።»

አንድ ቀን ከአሸዋው አንዱ አላስችል አለው። «ተወው እንጂ፣ ወንድም ጋሼ! ፊልም ሊያይ የመጣ መሰለህ?»

«ታዲያ ሲኒማ ቤት ምን ሊያይ ይመጣል?» አለ ማሲላማኒ ከልቡ ግራ ገብቶት።

ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፑንጎዲ ፊቷን በልብሷ ጫፍ ሸፈነች።

ብዙም ሳይቆይ፣ የኢላንጎ እናት እትዬ ቪሳላቺ ዓርብ ጠዋት ትሪ ይዘው ወደ ማሲላማኒ ቤት ይመጣሉ የሚል መልእክት ደረሰ። ትሪው ላይ ኮኮናት፣ ሙዝ፣ አበባና የሚታኘከው ቅጠል አለ፤ የልጅቷ አባት ከተቀበለው ልጁን ሰጠ ማለት ነው። ማሲላማኒ መጀመሪያ አላመነም። ሲያምን ደግሞ ሮጦ ሄዶ ከሲኒማ ቤቱ አንድ መደገፊያ ወንበር ተሸክሞ መጣ። በቤቱ ያለው ምንጣፍ ብቻ ነዋ!

ጎረቤት ነኝና እኔም ተጠርቼ ነበር። እትዬ ቪሳላቺ ገቡ፣ ወንበሩን አዩት፣ አልፈውት ሄደው ምንጣፉ ላይ ከፑንጎዲ አጠገብ ቁጭ አሉ።

«እመቤቴ፣ ቦታዎ እዚያ ነው» አለ ማሲላማኒ፣ ልማድ ሆኖበት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬበታለሁ፤ ወገብ ከማሳመም በቀር ጥቅም የለውም። ይልቅ ትሪዬን ተቀበለኝ፣ ወንድሜ። ልጄ እህል እምቢ ብሏል። አባቱም ሲጮህ ሰንብቶ ድምፁ ሲዘጋ ተወው።»

ማሲላማኒ ትሪውን አየው እንጂ አልነካውም። «አይሆንም፣ እመቤቴ። አሸዋ አሸዋ ነው፤ ወንበርም ወንበር ነው።»

ፑንጎዲ አንገቷን ደፋች። ዝም ማለት አቃተኝ።

«ሰውዬ፣ ትናንት ያንን አባት ልበ ደንዳና ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ፊልም ነዋ! ፊልም ሲያልቅ መብራት ይበራል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጄስ ሲያልቅባት ወዴት ትሄዳለች?»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ብዬ ልተርተው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት። ሰውዬው ፈርቷል፤ ከልቡ ፈርቷል።

«ስንት ዘመን በዚያ በር ቆሜያለሁ» አለ። «ወንበር ላይ ያለው አሸዋ ላይ ያለውን በምን ዓይን እንደሚያየው የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እዚያ ቤት ውስጥ አንዱ መጥቶ፣ ‹ተነሺ፣ ይሄ ያንቺ ቦታ አይደለም› ቢላትስ? ያንን እኔ አልችለውም። እንዴት ብዬ እችለዋለሁ?»

እትዬ ቪሳላቺ ትሪውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

«አባዬ» አለች ፑንጎዲ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። «እስከ ዛሬ ከወንበር ተነሺ ያለኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

ማሲላማኒ አለቀሰ። በፊልም የሚያለቅሰውን ልቅሶ ለዓመታት ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ይሄ ግን ድምፅ አልነበረውም። እንባውን ሳይጠርግ መጥቶ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለና ሁለት እጁን ለትሪው ዘረጋ።