ወንድሜ ከፊልሙ ያስቀራቸው ሴቶች

ልጆች ሳለን ደሴ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ክፍል ነው። ሴት ልጅ አትገባበትም። የሚከለክል ጽሑፍ አልነበረም፤ ግን ገብታ የተገኘች ልጅ የማን እንደሆነች መግሪብ ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ይገባል። ሲመለስ እኔ ጓሮ ልብስ እያጠብኩ፣ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየውን ይነግረኛል።

አብዛኞቹ የቻይና ፊልሞች ነበሩ። ሰይፍ፣ ገደል፣ ጣሪያ ላይ የሚሮጡ ሰዎች፣ የተገደለ መምህርና ደሙን የሚመልስለት ተማሪ። ወንድሜ ተረክ ያውቅበታል፤ የሰይፉን ድምፅ ሳይቀር በምላሱ ያወጣዋል። አክተሩ ምንጊዜም ወንድ ነው። አንዱ አክተር ሰው የሚያህል የመዳብ ደወል በመዳፉ መትቶ ሰንጥቋል። የመምህሩ ሴት ልጅም አትጠፋም። እሷ ቁስል ታጥባለች፣ ትታገታለች፣ አክተሩ መጥቶ እስኪያስለቅቃት ትጠብቃለች።

"ከዚያ እሷስ ምን አደረገች?" እለዋለሁ።

"ምን ታደርጋለች፤ አለቀሰች" ይለኛል።

ይህን ሁሉ ረስቼው ነበር። ያስታወሰችኝ ልጄ ናት።

ባለፈው ክረምት ትከሻዬን ታመምኩ። ዛሬ በምኖርበት የባዕድ አገር ከተማ፣ ላቨርተን ኖርዝ የሚባል ሰፈር ያለ መጋዘን ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ካርቶን ሳነሳ ኖሬ አንድ ቀን ቀኝ እጄ ከደረቴ በላይ አልወጣም አለ። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት እረፍት ጻፈልኝ። ታርኔት ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ የምንኖረው እኔና ልጄ ብቻ ነን። አባቷ ለሦስት ወር ብሎ አዲስ አበባ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እዚያ ማግባቱን የሰማሁት በስልክ ነው። በሰማሁበት ቀን ሥራ ገባሁ፣ ምሳዬን በላሁ፣ ሺፍቴን ጨርሼ ወጣሁ። ሰዎች አይዞሽ ሲሉኝ አመሰግናለሁ ብዬ ወደ ካርቶኔ እመለስ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ዛሬም ብዙ የሚሰማኝ ነገር የለም።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ባቡር ላይ የምታነበው ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ወፍራም ልብ ወለድ ነበራት። ቤት ስትገባ ሶፋ ላይ ግድግዳውን እያየሁ ስታገኘኝ ጊዜ፣ እያነበበች በተሰባበረ አማርኛዋ ትነግረኝ ጀመር። የመጽሐፉ ባለታሪክ የወንድ ልብስ ለብሳ የአባቷን ገዳዮች የምታሳድድ ሰይፈኛ ናት። አንድ ቀን ድልድይ ላይ አሥራ ሁለት ሰዎች ከበቧት።

"ማን አዳናት?" አልኩ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። "ማንም። እሷ ናት የመታቻቸው።"

"ብቻዋን?"

"እማ፣ እንደዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው። መነኩሲት አለች፣ አሮጊት አለች። አስተማሪዋም ሴት ናት።"

"ድሮ ፊልሞቹም ላይ?"

"ኦልዌይስ" አለችኝ።

ስልኳን አውጥታ ከድሮዎቹ ፊልሞች ቁርጥራጭ አሳየችኝ። በአንዱ ላይ ደወሉን አየሁት። ወንድሜ ያየው ያው ፊልም ይሁን ሌላ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን ደወሉን መትታ የሰነጠቀችው የመምህሩ ልጅ ነበረች። ልጄ "እንደገና ላሳይሽ?" አለችኝ። ይበቃል አልኳት።

ወንድሜም ዛሬ እዚሁ ከተማችን ነው፤ አውቶቡስ ይነዳል። እረፍቱ ሐሙስ ስለሆነ ማሪቢርኖንግ ሰፈር ትከሻዬን የምታሠራኝ ፊዚዮ ጋ የሚወስደኝ እሱ ነው። የዚያን ሐሙስ መኪና ውስጥ ጠየቅሁት።

"ደወሉን የሰነጠቀችው ልጅቷ ነበረች?"

"የቱን ደወል?"

"ደሴ የነገርከኝን።"

ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነበር። "እሷ ነበረች" አለ።

"ለምን እሱ ነው አልከኝ?"

"እታለም፣ ልጅ ነበርኩ እኮ።" መብራቱ ከተለወጠ በኋላ ነው የቀጠለው። "እሷ ስትማታ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያሉት ይስቃሉ። ትልልቅ ሰዎች። ስለ ሰውነቷ የማይባል ነገር ይላሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ስመጣ ደግሞ አንቺ እጅሽ በአረፋ ተሞልቶ ትጠብቂኛለሽ። ምን ብዬ ልንገርሽ? እሱ ነው ስል ይቀለኛል።"

"ሁሉንም ቀይረኸዋል?"

"ሴት የመታችበትን ሁሉ።"

መናደድ የነበረብኝ ይመስለኛል። ከጎናችን ትራም እያለፈ ነበር፤ የተሳፋሪዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየሁ። የመኪናው ቀበቶ ትከሻዬን ተጭኖኝ ስለነበር ፈታ አደረግሁት።

"እስቲ አንዱን በትክክሉ ንገረኝ" አልኩት።

ፊዚዮዋ በር ላይ ስንደርስ መኪናውን አቁሞ መተረክ ጀመረ። አልሆነለትም። "ዘሎ መታው" ይልና ይቆማል፤ "ዘላ መታችው" ብሎ ያስተካክላል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይሄድ ተመልሶ ወንድ ያደርጋታል። ግንባሩን አላበው። የቀጠሮዬ ሰዓት ሲደርስ ታሪኩ ገና መሀሉ ላይ ነበር። ውስጥ ፊዚዮዋ እጄን አንስታ "ያማል?" አለችኝ፤ አላውቅም አልኳት።

ልጄ መጽሐፉን ጨርሳ በንዴት ሶፋው ላይ ወረወረችው። ታሪኩ ያለቀው ሰይፈኛዋ የአባቷን ደም መልሳ፣ አንድ ሰይፈኛ አግብታ፣ ሰይፏን ግድግዳ ላይ ስትሰቅል ነበር።

"ያን ሁሉ ሰው አሸንፋ ለምን ታቆማለች?" አለች።

"ደክሟት ይሆናላ።"

"እሷ አይደለችም የደከማት። የጻፈው ሰውዬ ነው።"

በሰባተኛው ሳምንት ሥራ ተመለስኩ። ካርቶን አላነሳም፤ ስካነር ይዤ የተለጠፈባቸውን ቁጥር አነባለሁ። ወንድሜ አሁን የሚመጣው እሑድ ከሰዓት ነው። ያስታወሰውን አንድ አንድ ይነግረናል፤ ተሳስቶ ሰይፈኛዋን "እሱ" ሲላት ልጄ ከወጥ ቤት ሆና "እሷ" ብላ ታርመዋለች። እኔ አዳምጣለሁ። ደስ ይለኛል ለማለት አልደፍርም፤ ሲያቋርጥ ግን ቀጥል እለዋለሁ።